«የማን ልጅ ነሽ» የማይባልበት ፈተና

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር፣ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ በጽዳት ገብቼ፣ ፊደሉን ከልጆቼ ደብተር ላይ ለቅሜ፣ ጽሕፈትሽ ይነበባል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከበላይ የሥነ ምግባር ደንብ መጣልን። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። አራተኛው አንቀጽ፣ ሥራ ፈላጊን ስለ ትውልዱ፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ወላጆቹ ሥራ መጠየቅ ክልክል ነው ይላል። በእኛ አገር ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሦስቱ ፈታኞች የሚሉት ጠፋቸው። አንደኛው መጀመሪያ የገባውን አመልካች ስለ ዝናብ ጠየቀው።

ሰብሳቢው አጎቴ ነበሩ። ዘመዳሞች አንድ ኮሚቴ ላይ አይቀመጡ የሚለው አንቀጽ ስምንተኛው ነው፤ እዚያ ድረስ ገና አላነበብንም።

የምንፈልገው የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነው። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችው ከጉና ግርጌ የመጣች ልጅ ናት። አጎቴ ደንቡን አክብረው የማን ልጅ ነሽ አላሏትም።

«እናትሽ ለገበያ ምን ይዘው ይወጣሉ?» አሏት።

«ገንቦና ድስት። ራሷ ናት የምትሠራው።»

ልጅቱ ወጣች።

«ሸክላ ሠሪ!» አሉ አጎቴ። «የምትጠብቀው እህል ነው። እህል ደግሞ ዓይን አይወድም።»

«ጆንያው የተሰፋ ነው፣ ጋሼ። በየት በኩል ታየዋለች?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ!»

«እየጻፍኩ ነው። ‹ዓይን አይወድም› ያሉት ላይ ደርሻለሁ።»

«እሱን ሰርዢው።»

«ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፤ ደንቡ ላይ አለ። ወደቀች ካላችሁ ምክንያቱን ልጻፍና ሦስታችሁም ፈርሙበት።»

ሁለቱ አባላት እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ እስክሪብቶው ፊታቸው ተቀምጧል። በመጨረሻ አንደኛው «ውጤቷ እኮ ጥሩ ነው» አለ። ሌላውም ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አየው። አጎቴም «አልፋለች» በሚለው ላይ ፈረሙ፤ ፊርማቸው እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም።

ልጅቱ ሰኞ ሥራ ጀመረች። አጎቴ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑን ዞሩት። አንድም የነቀዘ ጆንያ ሲያጡ ቅር ያላቸው ይመስለኛል።

እኔን ለሁለት ወር አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ቀን ቢሮ መጥተው «ያችን አራተኛዋን አንቀጽ ገልብጪልኝ» አሉኝ። ሴት ልጃቸው ባሕር ዳር ለሥራ ልትፈተን ነው። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱላት፤ «የማን ልጅ ነሽ ካሉሽ ይህን አሳዪያቸው» አሏትና መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት ተመለሱ።