የቆሎ መጠቅለያ የሆኑት ተረቶች

ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት። እዚያ ቆሎ የሚሸጡ እትዬ አሉ። ለቆሎው ብዬ ግን አይደለም።

አምና አንድ ቀን ቆሎዬን ጨርሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል ስዕል አየሁበት። ፋኖስ የያዘች ልጅ በደረጃ ወደ ባሕር ሥር ትወርዳለች። ዓሦቹ ክንፍ አላቸው። ከእናቴ ዕድሜ የሚበልጥ የውጭ አገር የስዕል መጽሔት ቅዳጅ ነበር፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

ከዚያ ወዲያ አርፎ መቀመጥ የለም። በየቀኑ ቆሎ። አንዳንድ ቀን ዘንዶ ይደርሰኛል፣ አንዳንድ ቀን በሰማይ የሚቀዝፍ መርከብ። አንዱ መጽሔት ውስጥ አምስት ስድስት አጫጭር ታሪክ አለ፣ እያንዳንዱ በሌላ ሰው እጅ የተሳለ። ቅዳጆቹን መዝገበ ቃላት ሥር እያስተኛሁ አቃናቸዋለሁ። የፋኖሷ ልጅ ግን አንድ በር ጋ ደርሳ ቀረችብኝ። በሩን ስትገፋው ገጹ ያልቃል። መጨረሻው እስኪደርሰኝ መጠበቅ ስላቃተኝ፣ የፊዚክስ ደብተሬ ጀርባ ላይ እኔው ጻፍኩት። ሦስት ገጽ ሙሉ።

አንድ ሐሙስ ጭራሽ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ የቀረውን ወረቀት ለእኔ አይሰጡኝም?»

«ቆሎውን በምን ልጠቅልለው? በሻሼ?»

ወረቀቱን ከቆራሌ ነው የገዙት። ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ዕቃ ሲቀንስ የጣለው ነው ይላሉ። ብለምን፣ ብለምን፣ በመጨረሻ፣ «በወረቀቱ ልክ ያለቀ ደብተር አምጪና ውሰጂ» አሉኝ።

ቤት ሮጬ የእኔንም የወንድሜንም ደብተር ሳላይ ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቅኩ። በልዋጩ አራት መጽሔት አገኘሁ፤ አንዱ ብቻ ሽፋን የለውም። አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ያን የመጨረሻ ገጽ ፈለግኩ። የለም። በቃ የራሴን ላንብብ ብዬ ፊዚክስ ደብተሬን ስፈልግ እሱም የለም።

ተመልሼ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። እትዬ ደብተሬን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀድዳሉ። ከሦስቱ ገጾች ሁለቱ ከነቆሎው ታክሲ ተሳፍረው ሄደዋል። የቀረውን የመጀመሪያውን ገጽ አንድ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ቆመው እያነበቡት ነው፣ ቆሎውን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ የእኔ ነው» አልኩ እያለከለክሁ።

«የገዛሁት እኔ፣ የአንቺ የሆነው በምን?»

«የጻፍኩት እኔ ነኛ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እሺ፣ እዚህ ላይ በሩን ከፈተችው። ከዚያስ?»

ልቀበላቸው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። መናገር ጀመርኩ። የጻፍኩት ግማሹ ጠፋብኝ፣ ሌላ መጣልኝ፣ የመጣው ከጻፍኩት በለጠ። አንድ ተሳፋሪ መጥቶ ቆሎ ቢል እትዬ፣ «ቆይ አንተ፣ ልጅቷ ገና አልወጣችም» አሉት።

ስጨርስ ጠባቂው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄስ አይመለስም» አሉ። ልከራከር ይገባኝ ነበር፤ ሳቄ መጣብኝ።

አሁን አሥራ አንድ መጽሔት አለኝ፣ የጻፍኩበት ደብተር ደግሞ ሁለት። ያ የመጨረሻ ገጽ ግን እስካሁን አልደረሰኝም፤ ዛሬም ቀድሜ ወርጄ ገዛሁ። ቆሎውን ሳልቀምስ መጠቅለያውን ገለበጥኩት። የወንድሜ የጂኦግራፊ ፈተና፣ ከአሥር አራት።