ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ

ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ትናንት ጦስኝ የገባበት ሻይ ሰጡኝ። ገና ወደ አፌ ሳላደርሰው ሽታው መሐል ሜዳ ከተማ ካለችው ጠባብ ክፍሌ አውጥቶ፣ ከገጠሩ ቤታችን ጀርባ ካለው ጋራ ላይ አቆመኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ወንድ አያቴ ነበርን። ሰፈራችን ኔትወርክ አልነበረም፤ ጋራው ራስ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ይመጣል። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የአያቴን ስልክ ይዤ ሁለቱን ውሾች አስከትዬ እወጣለሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ትንሹ ውሻ ፊት ፊት እየሮጠ አይጥ ያሳድዳል። ትልቁ፣ እናቴ ከቡችላነቱ ያሳደገችው መቻል፣ እግሬን እየታከከ ይሄዳል። ጦስኙን እየረገጡት ስለሚያልፉ ጠጉራቸው ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል።

«ውሻ አጅቦት በስልክ የሚነጋገር ሰው ያየሁት በአንቺ ነው» ይሉኛል አያቴ።

«እርስዎ አይመጡ፤ ማን ይከተለኝ ታዲያ?»

አንድ እሑድ እናቴ «መቻል አለ? እስኪ ላናግረው» አለችኝ። ስፒከር ላይ አድርጌ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት።

«መቻልዬ፣ ና፣ ና።»

ደርቆ ቀረ። ስልኩን አሸተተው። ከዚያ ድንጋዩን ዞረ፣ ከጀርባው ያለውን ሣር አሰሰ፣ ደግሞ ዞረ። በሳቅ ፈረስኩ። «እየፈለገሽ እኮ ነው» አልኳት። ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መቻል እሑድን መጠበቅ ተወ። በአዘቦቱም ብቻውን እየወጣ ድንጋዩ ሥር ይተኛል፤ ሲመሽ በገመድ ጎትቼ አወርደዋለሁ። በኅዳር ውርጭ አንድ ማለዳ፣ ማታ ሳላወርደው በቀረሁ ማግስት፣ እዚያው ሞቶ አገኘሁት። ድንጋይ ከመርኩበት።

አያቴ ስነግራቸው «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። የውሻም ቢሆን።»

አልነገርኳትም። ይኸው አራት ዓመት፣ በጠየቀችኝ ቁጥር «ደህና ነው» እላለሁ።

ትናንት ሻዩን እንደያዝኩ ደወለች። እዚህ ኔትወርክ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ለፋሲካ ልትመጣ ነው።

«መቻል ያውቀኛል ብለሽ ነው?»

«ድምፅሽን ያውቃል» አልኳት።

እንደዚያን ቀን ዝም አለች። አሁን ግን እንዳልተቋረጠ ስላወቅኩ ስልኩን አላየሁትም።