ምሳ ያልተበላበት ወንበር

ወንበር ሠሪዋ ተቀምጣ ምሳዋን ያልበላችበትን ወንበር ለገዢ አትሰጥም። ልማዱ የአባቷ ነው። የራበው ሰው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ወንበር የሚፈተነው ሰው ጠግቦ ወደ ኋላ ሲደገፍ ነው ይሉ ነበር። እሷም በልታ ስትጨርስ ትደገፍና ጆሮዋን ትሰጣለች። ሲጥ ካለ ይፈታል። በዚህ ምክንያት ከቤቷ በቀን ከአንድ ወንበር በላይ አይወጣም፤ የቸኮለ ሌላ ጋ ይሂድ።

ከዚያ አንዱ ወንበሯ በኤግዚቢሽን አንደኛ ወጣና ታናሽ ወንድሟ እንቅልፍ አጣ። የምስክር ወረቀቱን በሩ ላይ ሰቀለ፣ ሠራተኛ ቀጠረ፣ ቢሮ ከፈተላት፣ ከአንድ ሆቴል የሠላሳ ወንበር ትእዛዝ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አንቺ አሁን ስም ነሽ። ምሳሽን ቢሮሽ ብዪ» አላት።

ለምን ይዋሻል፣ የእሷም ልብ ትንሽ አብጦ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ በሚሏት ሰዎች በተከበበችበት በዚያ ሳምንት፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወንበር ሳይፈተን ወጣ። የወሰዱት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ነበሩ።

ከወር በኋላ ልትጠይቃቸው ገባች። የወንበሩ የኋላ እግር በሽቦ ታስሯል። እሳቸው በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አይደል ልጄ። ስደገፍ ተሰነጠቀ። ክብደት ጨምሬ ይሆናል እንጂ የተሸለመ ሰው ሥራ መቼም እንዲህ አይሆንም።»

ሰውዬው ከስተው አጥንታቸው ነው የቀረው። ድሮ ቢሆን በዚያው ቀን መንገድ ላይ ወጥተው ይጮሁባት ነበር። አፋቸውን የዘጋው ሽልማቷ ነው። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ተናደደች።

ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። «አንድም ወንበር እንዳይወጣ።»

ወንድሟ ደነገጠ። «የሆቴሉ ሰውዬ ነገ ሊወስድ ይመጣል እኮ! ሠላሳ ቀን ሙሉ ምሳ ልትበዪ ነው?»

«ሠላሳ ቀን።»

«ይሄዳል እትዬ።»

«ይሂድ። የእሱ እግር ደህና ነው፤ ያልተፈተነው የወንበሮቼ ነው።»

የሆቴሉ ሰውዬ በማግስቱ ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላ ነበር። «እኛ የምንወስደው በስምዎ ተማምነን ነው፤ መፈተሽ አያስፈልግም» አላት።

«ስሜ ላይ ሰው አይቀመጥም» አለችው፤ ጉርሻዋንም አላቋረጠች። ትእዛዙን ሰርዞ ሄደ።

ወንድሟ አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ስትደገፍ ወንበሩ ሲጥ አለ። ወንድሟን ጠርታ እንዲሰማ ደግማ ተደገፈች። እሱም ወንበሩን ገልብጦ መዶሻ ፍለጋ ሄደ።

ለመምህሩ ሌላ ወንበር ሠርታ፣ ምሳዋን በልታበት፣ ራሷ ተሸክማ ወሰደችላቸው። አሁንም ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ደገፍ ይበሉ እንጂ ጋሼ።»

«ይሄስ ቢሰበር?»

«መንገድ ላይ ወጥተው ይጩሁብኝ። እንደ ድሮው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ሽማግሌው ሳቁና ጀርባቸውን ለወንበሩ ለቀቁለት።