የአባቴ ፈረስ አንድ ሲሊንደር ነበረው

በእኛ ከተማ ቆሰበር ላይ ጉም ሲወርድ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አባቴ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነበር። በጥሊሊ መንገድ፣ ገና ዳገቱን ሳይጨርስ፣ ድም… ድም… ድም… የሚል ድምፅ በጉሙ ውስጥ ይመጣል። በአንዱ ድምታና በሚቀጥለው መካከል ክፍተት አለ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዳንግላ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ሲሠሩና ክፍሉ ጸጥ ሲል ያ ድምፅ ከየት እንደሆነ ሳላውቀው ይመጣብኛል።

አባቴ የከብት ሐኪም ነበር። ሙያው የከብት ይባል እንጂ በእኛ አገር ፈረስ ከከብት ሁሉ ይበልጣልና፣ ዕድሜውን የጨረሰው ፈረስ መርፌ በመውጋት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር ብስክሌት ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ጡረታ ሲወጣ ሞተሩም አብሮት ጡረታ ወጣ፤ ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ ወደ ቤት ይዞት መጣ። መንገድ ለሌለበት አገር የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ ጭስ የሚያወጣው ማርሚታ ደግሞ ወንዝ ሲሻገር ውኃ እንዳይጠጣ በጎኑ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የተዘረጋ። ቀኝ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ማርሚታ ፊርማ ነው።

«አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ፒስተን፣ አንድ ካንዴላ» ይለኝ ነበር፤ «ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።» ባትሪ እንኳ አይፈልግም፤ ሲሽከረከር እሳቱን ራሱ ይሠራል። አንድ ብቻ ስለሆነ ግን ያኛው ሲያኮርፍ የሚተካው የለም። አባቴ የአየር ማጣሪያውን በየሳምንቱ እያወለቀ ያጥባል፤ «አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም» ይላል። እኔም ለእሱ አንድ ልጅ ነኝ፤ እኔን ግን እንደዚያ አላጠበኝም ብዬ እቀናበት ነበር።

ሞተሩ ይስባል፣ ያምቃል፣ ይነድዳል፣ ያስወጣል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ለዚያ ለአንዱ መዘጋጃ ናቸው። በግራ እጅ በኩል አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች። እሷን ሲጨብጧት የታመቀው አየር ይለቀቅና ፒስተኑ ያለ ትግል ይወጣል፣ ይወርዳል። አባቴ «ትንፋሽ» ብሎ ይጠራት ነበር። ትንፋሽን ሳይነካ የማስነሻ መርገጫውን በጉልበት የመታ ሰው አጸፋውን በእግሩ ይቀምሳል፤ እኔ ደጋግሜ ቀምሻለሁ፤ ትዕግሥት የሚባለው ነገር አልፈጠረብኝምና።

ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ከመርፌ ቀዳዳ ትጠባለች። ሽቦ ከገባባት ትሰፋለች፤ ከሰፋች ሞተሩ ከልኩ በላይ ጠጥቶ ይሰክራል። ስለዚህ አባቴ የሚጠርጋት በፈረስ ጭራ ነበር። ፈረሱን ከወጋ በኋላ አንዲት ጭራ ነቅሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይጠቀልላል፤ ምስኪን ፈረስ በአንድ ቀን ሁለቴ ይበደላል። ፈረሶቹም አወቁበት። ያ ድምፅ ከዳገቱ ወዲያ ሲሰማ ጆሮአቸውን ያቆማሉ፣ ባለቤቶቻቸውም የፈረሳቸውን ጆሮ አይተው «ሐኪሙ መጣ» ይላሉ። የአገሩ ፈረሰኞች ሽማግሌ አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ እሱማ ገመድ በጥሶ ይጠፋ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ስመጣ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ወደ ጎተራው ጓዳ፣ ሞተሩ ወደቆመበት፣ በአገጩ እያሳየኝ «እስኪ አንድ ጊዜ አስነሺልኝ፤ ልስማው» አለኝ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ረገጥኩት። አንዲት ሳል እንኳ የለም። ተናደድኩና መርገጫውን ትቼ «አባዬ፣ ይኼ ነገር እኮ ሞቷል!» አልኩት።

«ሞተር አይሞትም» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ወይ ቤንዚን፣ ወይ አየር፣ ወይ እሳት አጥቶ ነው። ጎንበስ ብለሽ እዪው።»

«በሚቀጥለው ስመጣ አየዋለሁ።»

«እሺ» አለ። በሚቀጥለው የመጣሁት ለቀብሩ ነው።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ሽማግሌው ዳማቸውን እየሳቡ ደረሱ። ፈረሱ አርጅቷል፣ ዓይኑ ሥር ሸብቷል። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ በለቅሶው ሜዳ ይሳባል። ሽማግሌው አልቅሰው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠርገው «ልጄ፣ የፈረሱን ነገር እንዴት አሰብሽው?» አሉኝ።

«አባባ፣ አባቴ ፈረስ እንዳልነበረው እርስዎ ያውቃሉ።»

«ስንት ዘመን በጆሮዬ ስሰማው የኖርሁትን ፈረስ የለም ትይኛለሽ?» ብለው ወደ ጓዳው አዩ።

«አይሠራም እኮ።»

«የሟች ፈረስ ይሳባል እንጂ ይሠራል ወይ?»

እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዝም ያለ ብረት እየገፋሁ በሰው ፊት ማለፍ አልሆነልኝም። አባቴ በሕይወት ሳለ ፊቱ ላይ «ሞቷል» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቃል ሳልመልሰው እሱ አፈር እንዲገባ አልፈለግሁም።

«ከፈረስዎ ጭራ አንዲት ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ፈገግ አሉ። ለዳማው በአገውኛ የሆነ ነገር አንሾካሾኩለትና አንዲት ረጅም ጭራ ነቅለው ሰጡኝ።

ካርቡራተሩን ፈታሁት። የድሮው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። ጎረቤታችን የባጃጅ ሾፌር በጠርሙስ አዲስ ቤንዚን አመጣልኝ። ቀዳዳዋን በጭራው ስጠርግ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ! አባትሽ ሳይቀበር ብረት ትፈቺያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል እትዬ፣ የሱ ልጅ ናት ይላል።»

አጉተምትማ ሄደች። ሁሉንም ገጥሜ አቧራውን ስወለውል እጄ ማርሚታው ጫፍ ላይ አረፈ። ጣቴን ብሰድ አንድ ነገር ነካኝ። ጎትቼ ሳወጣው የተጠቀለለ የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ነው፤ አወጣሁት ስል ሌላ ተከተለው። አይጥ እንዳይገባበት አባቴ ራሱ የወተፈው ነው። ከቆጠረልኝ ከሦስቱ ነገሮች ውስጥ ይኼ አልነበረም፤ እሱም ረስቶታል ማለት ነው። ሞተሩ ቢስብም፣ ቢያምቅም የሚያስወጣበት አጥቶ ነበር። ያኔ አንዴ ጎንበስ ብል ኖሮ አገኘው ነበር፣ አባቴም ይሰማው ነበር። ጆንያውን እቅፌ ላይ አድርጌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ይነሣ አይነሣ ልሞክረው ፈራሁ፤ ጊዜም አልነበረም። ሽማግሌው የዳማቸውን ጌጥ፣ ቀዩን ዘርፍና የሚያብረቀርቀውን የደረት ጌጥ፣ በመሪው ላይ አሰሩለት፤ ወንበሩን በኮርቻ ልብስ አለበሱት። ሰዉ ከአስከሬኑ ጋር ቀድሞ ወረደ። እኔ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ ይዘን፣ ዳማው ከኋላ እየተከተለን፣ ወደ ሜዳው በሚወስደው ቁልቁለት ጀመርን። ጉሙ ሳስቷል። ከታች ሜዳው ላይ የተሰለፉት ፈረሶች ይታዩኛል፤ እኛን ግን የዲከረንሱ ዛፍ ጋርዶናል።

ማርሽ አስገባሁና ትንፋሽን ጨበጥኳት። ጎማው ሲዞር ፒስተኑ ወጣ፣ ወረደ። ሹ… ሹ… ሹ… አለ፣ እንደ ተኛ ሰው።

«ይተነፍሳል እኮ!» አሉ ሽማግሌው።

«ብለቃት ምናልባት ይነሣል፣ አባባ።»

«የሟች ፈረስ አይጋለብም፣ ልጄ።»

«አልጋልበውም። ላሰማው ብቻ ነው። ጠይቆኝ ነበር።»

 ሽማግሌው የዳማውን ገመድ አጠር አድርገው ያዙና «በይ ልቀቂው» አሉኝ።

ለቀቅኳት። ጎማው ተንሸራተተ፣ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ከማርሚታው የጆንያ ብናኝ ተፋ፣ ዝም አለ። ከዚያ ድም አለ። ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ያዝኩለት። ድም… ድም… ድም…፤ መካከሉ ያ የማውቀው ክፍተት አለ።

ዳማው ወደ ኋላ ሸሸ። ከታች ሜዳው ላይ ወጣቶቹ ፈረሶች ደነገጡ፤ አሮጌዎቹ ግን አልተነቃነቁም። ጆሮአቸውን አቁመው ወደ ዳገቱ ዞሩ። ከመካከላቸው አንድ ፈረሰኛ የፈረሱን ጆሮ አየና በልማዱ «ሐኪሙ መጣ!» አለ፤ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፣ ሜዳውም በለቅሶ ተናወጠ።

ፈረሶቹ ጆሮአቸውን አላወረዱም። መሞቱን ለእነሱ የነገራቸው የለም።