የአባ መብረቅ ፈረስ

ከአያት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ የቆርቆሮ አጥሩ አረንጓዴ በተቀባ ግቢ ውስጥ ላጲሶ ፈረስ ይጠብቃል። ጭድ ያነፍሳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ጋጣ ይጠርጋል፣ ኮቴ ውስጥ የገባ ጠጠር ያወጣል። በሩ ላይ «የፈረስ ስፖርት ማዕከል» ተብሎ ተጽፏል። ስፖርት የሚሠራው ግን ላጲሶ ብቻ ነው። ደንበኞቹ ከመኪና ወርደው ፈረስ ላይ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከፈረስ ወርደው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ፈረሱ አልተራመደልኝም ብሎ ቅር የተሰኘ ደንበኛ እስካሁን አልታየም።

ጠዋት ጠዋት ላጲሶ መጀመሪያ የሚገባው አሮጌው ፈረስ ቡላ ጋ ነው። ቡላ መልኩም ስሙም ቡላ ነው። ላጲሶ ጋሪ ነጂ በነበረበት ጊዜ ከአያት ሳሊተ ምሕረት ሰው ያመላለሱት ሁለቱ ነበሩ። ጋሪ ከአስፋልት ሲከለከል ላጲሶ ጋሪውን ለማገዶ ሰጥቶ ፈረሱን እየሳበ ወደዚህ ግቢ መጣ። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ የሺአረግም ሁለቱንም አንድ ላይ ቀጠሯቸው። ለደንበኛ ሲናገሩ ቡላን «የመኳንንት ፈረሶች ዘር» ይሉታል። ስለ ላጲሶ ዘር የጠየቀ የለም።

የጋሪ ልማድ ግን ከቡላ ደም አልወጣም። መንገድ ዳር ተሰልፎ የቆመ ሰው ካየ ይቆማል፤ «ሳበው!» እስኪባል ንቅንቅ አይልም። ላጲሶ ጠዋት እግሩን ሊያፍታታው ይዞት ሲወጣ ደግሞ፣ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ አንድ የተዘጋ ኪዮስክ ጋ ሲደርሱ ማንም በሌለበት ይቆማል። ዓለም ጎመኗንና ቃሪያዋን ይዛ ትሳፈር የነበረው እዚያ ነው። ዓለም የላጲሶ ሚስት ነበረች፤ ወደ ጌታ ከሄደች ዓመት አልፏል። ላጲሶ ፈረሱን አያጣድፈውም። ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሳበው» ይለዋል፤ ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ወይዘሮ የሺአረግ ቡላ የሚበላውን ገብስ በዓይናቸው መመዘን ጀመሩ።

«አንተ ላጲሶ፣ ይሄ ሽማግሌ የራሱ ደንበኛ ካላገኘ ከፋሲካ በኋላ እዚህ አያድርም።»

«የት ይሄዳል እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አገር ሰፊ ነው።»

አገር ሰፊ ለማን እንደሆነ ላጲሶ ያውቃል። የተባረረ ፈረስ ቀለበት መንገድ መሀል ቆሞ ጭስ እየማገ የደረቀ ሣር ይነጫል፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ጅብ ያተረፈው ይገኛል።

ደንበኛው ከጾሙ በፊት መጣ። አቶ መሐሪ ሕንፃ ገንቢ ናቸው። የጥንት ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» እየተባለ ይጠራ እንደነበር በስልካቸው ላይ አይተው፣ ፈረስ ሳይኖራቸው ስሙን አዘጋጅተው ነበር የመጡት።

«መብረቅ» አሉ ገና ከመኪና ሳይወርዱ። «እኔ አባ መብረቅ። በሉ ፈረሱን አምጡ።»

መጀመሪያ ጥቁሩ ወጣት ፈረስ ቀረበላቸው። አንገቱን ገና ሲነቀንቅ የአቶ መሐሪ ፊት አመድ መሰለ። ላጲሶ ይሄኔ ሮጦ ቡላን ጫነው። ቡላ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ እንደ ሶፋ ተመቻቸላቸው ማለት ይቻላል።

«ይሄ ነው! ግርማውን እዩት!» አሉ አቶ መሐሪ።

«ግርማ ሳይሆን እንቅልፍ ነው» አለች ማኪያቶ የምታቀርበው ሄኒ፣ ለላጲሶ ብቻ እንዲሰማ።

ቡላ በዚያው መብረቅ ተባለ። ጋጣው በር ላይ መብረቅ የተሳለበት ሰሌዳ ተሰቀለ፤ በየሳምንቱ ገብስ ይላክለት ጀመር። ወይዘሮ የሺአረግ ላጲሶን ጠርተው ቁርጡን ነገሩት።

«ሰውዬው እስከወደዱት ቡላ አለ። ያሳፈራቸው ዕለት ግን ገመዱን ፈትተህ ትሰደዋለህ።»

ከፋሲካ በኋላ አቶ መሐሪ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያሠሩት ሕንፃ ሊመረቅ ሆነ። አባ መብረቅ በመብረቅ ተቀምጠው መግባት አለባቸው። ላጲሶ ቡላን በአይሱዙ ጭኖ ከሕንፃው ጀርባ አወረደው፣ ጋማውን አበጠረው። አቶ መሐሪ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ለብሰው መጡ። ካባው ከፈረሱ ይከብድ ነበር።

«ጋሼ፣ ገመዱን ይዤ ልምራው?» አለ ላጲሶ። አቶ መሐሪ በዕድሜ ታናሹ ናቸው፤ ጋሼነቱ ለሕንፃው ነው።

«ምን? አባ መብረቅ ተጎታች ነው? አንተ ከኋላ ሁን፣ ፌስታል ያዝ፤ ፋንድያ ምንጣፉ ላይ እንዳይወድቅ።»

ላጲሶ ፌስታሉን ይዞ ተከተለ። ሕንፃው ጋ ለመድረስ በታክሲ ሰልፍ በኩል ማለፍ ግድ ነበር። ሰልፉ ደግሞ ያን ቀን ረጅም ነው። ቡላ ሰልፉን አየ፤ ወደ ዳር ጠጋ አለ፤ ቆመ።

«ሂድ!» አሉ አቶ መሐሪ።

ቡላ ሰው እስኪሳፈር ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው የሚጭኑት?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«በአያት ነው የሚሄደው በሲኤምሲ?» አለች ሌላዋ።

አቶ መሐሪ ተረከዛቸውን ፈረሱ ጎን ላይ ቢያሳርፉም ምንም አልሆነም። ላጲሶ በካባው ሥር ተጠግቶ አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ ሳበው ይበሉት።»

«እኔ? እኔ ወያላ ነኝ?»

«ልበልልዎ?»

«እንዳትሞክራት! ሚዲያ አለ!»

ላጲሶ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ ለቡላ» ብሎ ጸለየ። ከኋላቸው አንድ ሚኒባስ ሞላ። ወያላው በሩን ዘግቶ ጣራውን መታና «ሳበው!» ብሎ ጮኸ። ቡላም ከሚኒባሱ እኩል ተነሣ። አቶ መሐሪ ወደ ኋላ ሊገለበጡ ሲሉ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው አንቀው ተረፉ፤ ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበላቸው።

ሕንፃው በር ላይ እንግዶች በቀይ ምንጣፉ ዳር ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ቡላ እነሱንም አየ። ከሁሉም ፊት በደንብ ተስተካክሎ ቆመላቸው። የመድረክ አስተዋዋቂው ሳቁን እየዋጠ ማይክራፎኑን አቀረበ።

«አባ መብረቅ፣ ፈረስዎ ታክሲ ተራ ላይ ሲቆም አየነው። ምን ሆኖ ነው?»

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ መሐሪ ወደ ላጲሶ ዞሩ። በዓይናቸው ውስጥ ላጲሶ ቀለበት መንገዱን አየ። ወይዘሮ የሺአረግም ከእንግዶቹ መሀል ሆነው «አለቀለት» በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ።

አቶ መሐሪ ግን የሰው ሳቅ መሀል ሰበብ ሳያገኙ ለረጅም ጊዜ መቆም አይችሉም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መብረቅ» አሉ፣ «ሰው ቆሞ እያየ አያልፍም። ሕዝብ ወዳድ ነው። እኔም የተማርኩት ከእሱ ነው!»

ጭብጨባው መንገዱን ሞላው። ቀድመው ያጨበጨቡት ወይዘሮ የሺአረግ ነበሩ። ማታ በቴሌቪዥን፣ በነጋታው በስልክ ሁሉ «ሰው ቆሞ እያየ የማያልፈው አባ መብረቅ» ተባለ።

በሳምንቱ አቶ መሐሪ ግቢው የደረሱት ዘግይተው ነው። መኪናቸው ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ የድንች ፌስታል ተቀምጧል።

«ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ መስኮት እያንኳኩ 'አባ መብረቅ፣ ሰው ቆሞ እያዩ?' ይሉኛል» አሉ።

«ምን አሏቸው ጋሼ?» አለ ላጲሶ።

«ምን እላለሁ! ጫንኳቸዋ! አንዷማ ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ 'ወራጅ አለ' አለችኝ።»

ላጲሶ የቡላን ኮቴ ለማየት በጣም ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ረጋ ብሏል።

«ስማ፣ ይሄ ስም ይመለሳል?» አሉ አቶ መሐሪ።

«የፈረስ ስም ፈረሱ እስካለ ነው ጋሼ።»

«ብተወውስ ፈረሱን?»

«ሰው ቆሞ እያየ የማያልፈው ሰውዬ ፈረሱን ጥሎ አለፈ ይባላላ» አለች ሄኒ፣ ማኪያቶውን እያስቀመጠች።

አቶ መሐሪ ማኪያቶውን ሳይነኩ ቡላን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ዕድሜው ግን ስንት ነው?»

ላጲሶ የቡላን ከንፈር በቀስታ ገለጠ። ያለቀውን ጥርስ አየ፤ መልሶ ሸፈነው።

«ገና ብዙ ይበላል፣ ጋሼ» አለ።