ግማሽ ራስ

በቀደም ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ገብቼ የፀጉር ቅባት ክዳን ከፍቼ ባሸት፣ ባንኮኒውን ይዤ ቁጭ አልኩ። የቁርቁራ ቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ሽታ። ባለሱቁ ደንግጦ "እናቴ፣ ውሃ ላምጣ?" አለኝ። "ይቺ ግንድ የምታህል ሴት ቅባት አሽታ ወደቀች" እንዳይባል ሳቅሁ እንጂ፣ እኔስ እዚያ አልነበርኩም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የድሮ ቤታችን ገብቻለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድማችን ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ በኋላ የእማዬ ፀጉር ይረግፍ ጀመር። ሚዶውን ባሳረፈች ቁጥር እፍኝ እፍኝ ይወጣል። የወጣውን አትጥለውም፤ ጠቅልላ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። እሷ ስትመለጥ ግድግዳችን ጎፈረ እያልኩ አሾፍ ነበር። ነገሩ ግን የሚያሳቅ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ለሞተ ሰው ነው። የእማዬ ራስ ከተራቆተ ሰፈሩ ልጇን ቀበረችው ማለቱ ነው። እሷም ሻሿን እያጠበቀች፣ "ልጄ አለ። የገዛ ራሴ አያሟርትበትም!" ትል ነበር።

በዚህ የተነሳ ታላቅ እህቴ ቅባት ቀማሚ ሆነች። የሐርቡዋ ጎረቤታችን ከአገሯ ቁርቁራ ታስመጣለች፤ እህቴ ቅጠሉን ትወቅጣለች፣ ሬት ትጨምቃለች፣ አዝሙድ ከአብሽ ጋር አልማ በጉሎ ዘይት ታፈላለች። መሞከሪያዋ የእኔ ራስ ነበር። መሀሉን በክር ለክታ ትከፍለውና ቀኙን ቀብታ ግራውን እንዳለ ትተወዋለች።

"ለምን ሁለቱንም አትቀቢኝም?" ብላት፣

"ያደገው በቅባቱ ይሁን በእግዜር በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

አንዱ ቅባት ንብ ጠራብኝ፤ የደሴ ንብ በሙሉ ቀፎውን ጥሎ መጣ። ሂና የገባበት ደግሞ ቀኝ ጎኔን አቀላው። ጎረቤታችን ስታየኝ፣ "ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ባንድ በኩል ሰው ባንድ በኩል ቀበሮ ሆነች!" ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። እማዬ እንኳ ሳቀች። ወንድማችን ከሄደ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ሰመረላት። ቀኝ ጎኔ ተንዠረገገ፤ ከጦሳ ተራራ አናት ብለቀው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይነከር ነበር። ያንኑ ቅባት እማዬ ተቀባች፤ መርገፉ ቆመ፣ ፀጉሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ። "ሲመጣ እንዳልጠፋበት" እያለች ሹሩባ ትሠራለች። በር በተንኳኳ ቁጥር እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሹሩባዋ ነው።

እሱ አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። ቤቱ ቁርቁራ እንደሸተተ፣ እማዬ በሩን እያየች፣ አንድ ክረምት አመማትና አረፈች። የገነዟት ሴቶች ሹሩባዋን ሲያዩ "የኮረዳ ፀጉር!" ብለው ተላቀሱ።

ከቀብሩ በፊት እህቴ መቀስ ይዛ ከኋላዬ ተቀመጠች። ፀጉሬን ፈትታ እንደ ጥንቱ መሀሉን በክር ከፈለችው። "ይኼ ለእማዬ" ብላ ቀኙን ቆረጠችው። ግራው ላይ ስትደርስ መቀሱ ዝም አለ።

"ለእሱስ?" አልኳት።

መቀሱን አስቀምጣ ጣቷን ቅባቱ ውስጥ ነከረች። ግራ ጎኔን ቀብታ፣ አጥብቃ ጎነጎነችው። ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ እኔም ለእሷ እንዲሁ አደረግሁላት።

እናታችንን በግማሽ ራስ ቀበርናት፤ ንፋሱ ነጠላችንን እንዳይገልጠው ጫፉን በጥርሳችን ነክሰን።