ከቁጥሩ ጀርባ

ባለቤቴ ያገኘችውን ሁሉ ታንኳኳለች። ሰው ቤት ስንጋበዝ በሩን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አንዴም የታመመ ሰው የተኛበትን አልጋ አንኳኩታ አሳፍራኛለች። ሠፈሩ "ኳኳታ" የሚላት ለዚህ ነው። ሥራዋ የድሮ የውድድር መኪና ዋናው ነው ወይስ አስመስለው የሠሩት የሚለውን መመርመር ነው፤ ቆርቆሮው ሲመታ ከቀለሙ ሥር ብረት ይኑር ስቱኮ ድምፁ ይነግራታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባትሪ የሚያበራላት ስትፈልግ ግን መቀሴን አስጥላ ይዛኝ ትሄዳለች።

የዚያን ቀን የሄድነው አጎቷ ቤት ነበር። ሰውየው በወጣትነታቸው የታወቁ ተወዳዳሪ ነበሩ። ቀይዋ መኪናቸው ጠማማ መንገድ ላይ ተገልብጣ እሳቸው ሆስፒታል ሲተኙ፣ የጠገኑላቸው ታናሽ ወንድማቸው፣ የሚስቴ አባት ነበሩ። ባትላሜራ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። "የተጎዳው አፍንጫዋ ብቻ ነው" ብለው እንደ አዲስ አድርገው አስረከቧቸው። ኳኳታ ይህን ወሬ እየሰማች አደገች፤ የአባቷ ስም በተነሳ ቁጥር የሚወራው ይኸው ነው።

አሁን አንድ የመኪና ሙዚየም መኪናዋን ስጡን ብሎ አጎቷን መውጫ መግቢያ አሳጣቸው። እምቢ የሚሉበት ምክንያት ጠፋቸው። ዋናዋ መሆኗን መርምሪልን ተብላ የተጠራችው ደግሞ ኳኳታ ናት፤ ዘመዳቸው መሆኗን ብትናገርም የሙዚየሙ ሰው "እኛ የእርስዎን ቃል እናምናለን" አላት። ጣጣውን ያመጣው ይሄ ቃል ነው።

አጎቷ ከጠዋቱ ጀምሮ ልክ አልነበሩም። ውሃ ልስጣችሁ ይላሉ፣ ሰጥተውን ሲያበቁ መልሰው ውሃ ልስጣችሁ ይላሉ። እሷ ግን ደስ ብሏታል። የአባቷን ሥራ ልትመርቅ የመጣች ነው የምትመስለው። በሩን አንኳኳች፣ ፓራፋንጎውን አንኳኳች፣ ማግኔቷን አስጠጋች። ኮፈኑን ከፍታ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር አነበበች፤ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር አንድ ነው። የሙዚየሙ ሰው ፊቱ በራ።

"እዚህ ጋ አብራልኝ" አለችኝና ትንሿን መስታወት ከቁጥሩ ጀርባ አስገባች። እጇ ቀጥ አለ።

እኔም አየሁት። በቁጥሩ ዙሪያ ቀጭን የብየዳ ጠባሳ በአራት ማዕዘን ዞሯል። ልብስ ሰፊ እጣፊ አይጠፋውም። ቁጥሩ ከተሰባበረችው መኪና ተቆርጦ ሌላ መኪና ላይ ተተክሏል፤ በእነሱ ሙያ ደግሞ ይቅር የማይባለው ይሄ ነው። ከዚያ የባሰው የሞረዱ ጭረት ነው፣ ወደ ግራ ያጋደለ። አባቷ በሠሩልን የወጥ ቤታችን በር ማጠፊያ ላይ ያለው ጭረትም እንዲሁ ነው። አማቴ ግራኝ ነበሩ።

"የአባት..." ስል እግሬን ረገጠችኝ።

"እሺ?" አለ የሙዚየሙ ሰው።

"አንድ ጊዜ" አለች። ድምፅዋ የሷ አልነበረም። እኔም ፈራሁላት፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። "ማን ያየዋል? ዝጊው በቃ" አልኳት በሹክሹክታ። ቀና ብላ ስታየኝ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

አጎቷ ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት፤ ባትሪዬን እንደያዝኩ ተከተልኩ።

"ተይው ልጄ። ሰውየውን እኔ እሸኘዋለሁ።"

"ጋሼ... ያውቃሉ?"

"ከሆስፒታል ወጥቼ በሯን የዘጋሁ ቀን ነው ያወቅኩት። የኔዋ ስትዘጋ እንዲህ አትልም ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"አባትሽ ዓይኑ በብየዳ ደም መስሏል፣ እጁ ተልጧል። 'እንዴት ናት?' አለኝ። ምን ልበለው? ራሷ ናት አልኩት። እድሜ ልኬን ራሷ ናት እንዳልኩ ነው። ዛሬ የፈራሁት ላንቺ ነው። አባትሽን እንዳትቀየሚው።"

"እኔ ደግሞ ለእርስዎ ነው የፈራሁት" አለችና እንባዋ መጣ።

ሁለቱም የአንድ ሟች ጥፋት እየደበቁ አንዱ ለሌላው ሲፈራ ማየት አንጀት ይበላል። ቢሆንም ሰውየው እየጠበቀ ነው፤ ቃልዎን እናምናለን ያለው ሰው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠራርጋ ሄደች።

"ዋናዋ አይደለችም" አለችው። "የዋናዋ ቁጥሩ ብቻ ነው። የቀረው የሌላ መኪና ነው።"

አጎቷ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሰውየው ቅር እንዳለው ያስታውቃል። መስታወቱን ተቀብሎ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ አልነሳ አለ። ጣቱን በጠባሳው ላይ ደጋግሞ አስኬደ።

"ይሄን በእጅ ነው የሠሩት?" አለ በመጨረሻ። "ማን እንደሠራው ይታወቃል?"

"የድሮ ነገር ነው፣ ማን ያስታውሰዋል" አሉ አጎቷ ፈጠን ብለው።

"አባቴ ነው" አለች ኳኳታ። ባትሪውን ከእጄ ወስዳ፣ ሰውየው ደህና አድርጎ እንዲያይ ጠጋ አድርጋ አበራችለት።